ሽግግሩ ጣራ ላይ አልቋል

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው የፎገራን ሜዳ አቋርጦ አዲስ ዘመን ሲደርስ (ጋዜጣውን አይደለም፤ የሊቦ ከምከሟን ከተማ ነው የምለው) በስተቀኝ ቀና ካለ ጣራ ገዳምን ያያል። ጽድና ወይራው ተራራውን እንደ ጋቢ ደርቦታል። ዛፉ እስከ ዛሬ የቆየው ገዳሙ ስለጠበቀው ነው። ከጫካው ጫፍ ቁልቁል የተመለከተ ደግሞ የከተማዋን ቆርቆሮ ያገኛል፤ ቆርቆሮው ላይም የዲሽ ሳሕኖችን። ልብ ብሎ ላያቸው፣ አብዛኞቹ ፊታቸውን ወደ አንድ ወገን አዙረው፣ ደቡብ ምሥራቅን ሽቅብ ያያሉ። የ2011 ዓ.ም. ፎቶግራፍ ያለው ሰው ቢያስተያይ ግን ያኔ ወደ ምዕራብ ጎንበስ ብለው እንደነበር ያስተውላል።

አንድ አገር ከአናሎግ ወደ ዲጂታል ቴሌቪዥን ተሸጋገረ የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ባለሥልጣን ቁልፍ ተጭኖ የድሮውን ማሰራጫ ሲያጠፋ ነው። በእኛም አገር ስለ ዲጂታል ሽግግር ሲነሣ ወሬው ስለ ማማ፣ ስለ ማሰራጫ ግዢና ስለ ቀነ ገደብ ነው። በእኔ እምነት ይህ ወሬ ባቡሩ ከሄደ በኋላ የሚወራ ነው። የደቡብ ጎንደር ቴሌቪዥን ተመልካች ዲጂታል ከሆነ ቆይቷል። ያሸጋገረውም የለም፤ በገዛ ገንዘቡ፣ በገዛ ጣራው ላይ ራሱ ተሸጋገረ። ስለዚህ እንዴት እናሸጋግረው ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም። ሳሕኑ ሊሰጠው ያልቻለውን ነገር ከማማው ማን ይስጠው? ጥያቄው ይህ ነው።

ከአንቴናው ዘመን ልጀምር። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ በአፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዕለት ነው። ስቱዲዮው አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ነበር፤ ምስሉም ጥቁርና ነጭ። ቀለም የመጣው ሃያ ዓመት ቆይቶ፣ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሲከበርና ኢሠፓ ሲመሠረት ነው። ወደ ክፍለ ሀገር የደረሰው ደግሞ ከፍታ እየመረጠ፣ ተራራ ላይ ማማ እየተከለ ነው። የቴሌቪዥን ሞገድ እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ጉብታ ሲያጋጥመው ዞሮ የማለፍ ችሎታው ትንሽ ነው። ማማው ያለበትን ከፍታ የማያይ ቤት ምስሉንም አያይም ማለት ይቻላል።

ይህ ለፎገራ ሜዳ ችግር አይደለም። ከወረታ ተነሥቶ ዓለም በርን አልፎ ሽቅብ ለሚወጣው አገር ግን መከራ ነው። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ናት። ከጀርባዋ ያለው ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ከጉና ማዶ ጋይንት አለ፤ ወዲያ ዝቅ ሲል ስማዳ፣ በደቡብ እስቴ፣ በሰሜን እብናት። አገሩ ተጨማድዶ እንደ ተጣለ ኩታ ነው፤ እጥፋቱ ውስጥ የገባው ቤት ሁሉ ከማማው የተሰወረ ነው። አንድ ኮረብታ ለሁለት የተካፈሉ ጎረቤታሞች፣ የአንዱ ቤት ዜና አንባቢ ቁልጭ ብሎ ሲታይ የሌላው ዝንብ የወረረው ይመስላል።

መፍትሔው ባሕር ዛፍ ነበር። ረጅሙ ተመርጦ ይቆረጣል፣ አንቴናው ጫፉ ላይ በሽቦ ይታሰራል፣ ግንዱ ከቤቱ ጎን ይቆማል። ከዚያ አንድ ጎረምሳ ደጅ ቆሞ ግንዱን አቅፎ ያዞራል፣ ሌላው በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ይጮኻል፦ «መጣ! መጣ! … አሳለፍከው! … ትንሽ መልሰው! … እዛው! እዛው ያዘው!» ግንዱን የለቀቀ ጊዜ ምስሉ ይጠፋል። ሰውነቱ ራሱ የአንቴናው አካል ሆኖ ነበርና ተመልሶ ያቅፈዋል። ማሞ ወልዴን ያላየ ትውልድ ኃይሌንና ደራርቱን ያየው በዚህ ዓይነት ትብብር ነው። ቴሌቪዥን ያለው ሰው በእንዲህ ያለ ምሽት ደጁን ቢዘጋ ነውር ነበር። ኋላ ላይ ሳንቲም የሚያስከፍሉ ቪዲዮ ቤቶች መጡ፤ ከእነሱም በኋላ እግር ኳስ የሚያሳዩ ዲኤስ ቲቪ ቤቶች።

አናሎግ ምስል ከማዶ እንደሚሰማ ጥሪ ነው። ርቀቱ በጨመረ ቁጥር ይደክማል እንጂ በአንድ ጊዜ አይጠፋም፤ ጆሮውን ያቀና ሰው ቃሉን ይገምታል። ዲጂታል ግን ምስሉን ወደ ቁጥር ለውጦ ነው የሚልከው፤ ተቀባዩ ሣጥን ቁጥሩን በበቂ ሁኔታ ካነበበ ምስሉ እንደ ስቱዲዮው ጥርት ይላል፣ ማንበብ ካቃተው ደግሞ ጥቁር መስኮት ላይ «ኖ ሲግናል» የሚል ጽሑፍ ብቻ ይቀራል። መካከለኛ የለውም። ይህ ለተራራ አገር ሁለት ስለት አለው። በደካማ ምስል ይኖር የነበረ ቤት አንድም ባለ ጥራት ይሆናል፣ አንድም ጭራሽ ያጣል። ቆጠራው ላይ «ተሸፍኗል» የተባለ መንደር እጥፋቱ ውስጥ ጨለማ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ለመንግሥታት የጣማቸው ሌላ ነገር ነው። በአናሎግ አንድ የሞገድ መስመር አንድ ጣቢያ ብቻ ይይዛል። ኢትዮጵያ በመረጠችው ዲቪቢ ቲ2 በተባለው ሥርዓት ግን ያው መስመር አሥርና ከዚያ በላይ ጣቢያዎችን ይሸከማል። የተረፈው ሞገድ ለተንቀሳቃሽ ስልክ ይሆናል ማለት ነው። በዚህ ምክንያት በሰኔ 1998 ዓ.ም. በጄኔቫ በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ጉባኤ ላይ አፍሪካን፣ አውሮፓንና መካከለኛው ምሥራቅን ያካተተ ስምምነት ተፈረመ። ሰኔ 10 ቀን 2007 ዓ.ም. አናሎግ የሚጠበቅበት ዘመን ያበቃል ተባለ። ለብዙ የአፍሪካ አገሮች በዝቅተኛው ሞገድ ለሚሠሩ ጣቢያዎች አምስት ዓመት ተጨመረ፦ እስከ ሰኔ 10 ቀን 2012 ዓ.ም.።

የመጀመሪያው ቀን መጣና አለፈ። ከአሜሪካው ጌትስኤር ኩባንያ ማሰራጫ ለማምጣት ስምምነት ተደረገ፤ ስለ ሴት ቶፕ ቦክስ ተወራ። (ሴት ቶፕ ቦክስ የስብሰባ ቃል ነው፤ ደብረ ታቦር ገበያ ላይ ዕቃው ሪሲቨር ይባላል።) ሁለተኛውም ቀን መጥቶ አለፈ። በማግስቱ ጠዋት በደብረ ታቦር ዙሪያ ያለው የፋርታ ሰው ቴሌቪዥኑን ሲከፍት የጎደለበት ነገር አልነበረም፤ አንቴናውን ከጣለ ዓመታት ተቆጥረው ነበርና።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ስለ ሳሕኑ ልናገር። ደብረ ታቦር በትእዛዝ የመጣ ጥበብ ታውቃለች። አፄ ቴዎድሮስ ከከተማዋ አጠገብ ባለችው ጋፋት ሚሲዮናውያኑን አስገድደው ሴባስቶፖልን አስቀልጠዋል፤ ያ መድፍ በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ድረስ ወጥቷል። ሳሕኑ ግን ያዘዘውም የጎተተውም መንግሥት የለም። ከመርካቶ አይሱዙ ላይ ተጭኖ፣ በነጋዴ ትርፍ ተገፍቶ መጣ። ከስሩ የቻይና ሪሲቨር ነበር፤ ላይፍስታር የሚለው ስም በየሱቁ መስኮት ተለጠፈ። ደሞዝተኛው ገዛ፤ ቀጥሎ ሩዝ የሸጠው የፎገራ ገበሬ፤ ቀጥሎ ልጁ ዓረብ አገር የሄደችለት ቤት።

ለምን ሳሕኑ አሸነፈ ቢባል አንደኛው ምክንያት የጂኦሜትሪ ነው። ማማ በአግድም ነው የሚያይህ፤ መካከላችሁ ተራራ ከገባ አበቃ። ሳተላይቱ ግን ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ግድም ርቆ ከአናት በኩል ያይሃል። ደብረ ታቦር ላይ ሆኖ የዚያን ጊዜውን የግብፅ ሳተላይት ናይልሳትን የሚፈልግ ሳሕን ከአድማስ 37 ዲግሪ ያህል ቀና ብሎ ወደ ምዕራብ ማየት ይበቃው ነበር። በምሥራቅ 57 ዲግሪ ኬንትሮስ ላይ ያለው የዛሬው ሳተላይት ደግሞ 64 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል፤ ረፋድ ላይ ፀሐይ የምትቆምበት አካባቢ ነው። ጉና የቱንም ያህል ቢገዝፍ እዚያ አይደርስም። ማማ ለሠላሳ ዓመት ያልደረሰበት የስማዳ ገደል ሥር ያለ ቤት፣ ሳሕን ባቆመበት ቀን የአዲስ አበባውን ሀብታም ያህል ጥርት ያለ ምስል አገኘ። በአገራችን ታሪክ ገጠሩንና ከተማውን በአንድ ቀን እኩል ያደረገ ሌላ መሣሪያ ለማስታወስ ሞክሬ አልመጣልኝም።

ሁለተኛው ምክንያት ምርጫ ነው። በማማው በኩል ለአርባና ሃምሳ ዓመት የሚታየው ያው የመንግሥት ቴሌቪዥን ነበር። ኢቢኤስ በ2000 ዓ.ም. ከአሜሪካ ተነሥቶ በሳተላይት መጣ። ቃና በ2008 ዓ.ም. የውጭ ተከታታይ ድራማ በአማርኛ ድምፅ ይዞ ሲከሠት የስንቱ ቤት የራት ሰዓት ተለወጠ። የክልሉ ጣቢያ፣ ዛሬ አሚኮ የምንለው፣ ለደብረ ታቦር ሰው የሙሉ ቀን ጣቢያ ሆኖ የተገኘው በሳሕኑ ነው። ፖለቲካውም በዚያው በኩል ገባ። በጥቅምት 2009 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ መመሪያ ኢሳትና ኦኤምኤን የተባሉትን ጣቢያዎች ማየት ሲከለክል፣ የተከለከለው በእርግጥ የሳሕን አቅጣጫ ነበር። አንቴና ላይ እንዲህ ያለ ክልከላ አያስፈልግም፤ ማማው ላይ ያልወጣ ነገር አንቴና ላይ አይወርድምና። መንግሥት ሕዝቡ ዲጂታል መሆኑን ለመጀመሪያ ጊዜ በወረቀት ያመነው ያን ጊዜ ይመስለኛል።

ከዚያ ዙረቱ መጣ። በኢትዮጵያና በግብፅ መካከል የሕዳሴው ግድብ ጉዳይ በጋለበት ጊዜ፣ የአገሪቱ ጣቢያዎች በሙሉ ማለት ይቻላል የሚተላለፉት በግብፁ ናይልሳት ላይ መሆኑ ብዙዎችን ያሳስብ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሮድካስተሮች ማኅበር ኤስኢኤስ ከተባለው የሉክሰምበርግ ኩባንያ ጋር ሆኖ ኢትዮሳት የሚባል መድረክ አቆመ፤ ጣቢያዎቹም ተራ በተራ ናይልሳትን ለቀው ወደዚያ ተሻገሩ። 11105 የሚለውን ፍሪኩዌንሲ በቃሉ ያልያዘ ዲሽ ገጣሚ ያን ሰሞን ሥራ አልነበረውም። ዓለም በር ላይ አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት፣ ልጅ እግሩን ገጣሚ ሲሞግቱ ሰምቻለሁ።

«ትናንት ደኅና ነበር፤ ዛሬ ምን ነካው?»

«ቴሌቪዥኑ ምንም አልሆነም እማማ። ጣቢያዎቹ ሰማይ ቀይረው ነው።»

«ሰማይ ደግሞ ይቀየራል እንዴ ልጄ?»

«ይቀየራል እማማ። እኔ ነኝ የምቀይርልዎ።»

ልጁ መሰላል ጠይቆ ወጣ። ምዕራብን የሚያየውን ሳሕን ፈትቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ አዞረው፣ አቅንቶ አሰረው፣ ወርዶ ሪሲቨሩን ሰርች አደረገው። ሂሳቡን ተቀብሎ ወደሚቀጥለው ጣራ ሄደ። ይኸው ነው፤ የኢትዮጵያ እውነተኛ የማጥፊያና የማብሪያ ቀን ይህ ነበር፤ የተፈጸመው በሚኒስትር ቁልፍ ሳይሆን በአሥራ ሰባት ቁጥር መፍቻ። አሮጌ ሪሲቨር የነበረው ቤት አዲሱን ስርጭት መቀበል ስላልቻለ ሣጥኑንም ጭምር ቀየረ። አንድ ቤተሰብ በአሥር ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ለሽግግር ከፈለ ማለት ነው፤ አንዴ አንቴና ጥሎ ሳሕን ሲያቆም፣ አንዴ ሳሕኑን ሲያዞር። አሜሪካ በ2001 ዓ.ም. አናሎግን ስታጠፋ ለእያንዳንዱ ጠያቂ ቤት መቀየሪያ ሣጥን መግዣ የሚሆን የ40 ዶላር ኩፖን እስከ ሁለት ድረስ ሰጥታለች። የእኛ ሴትዮ የተሰጣቸው «እማማ» የሚል ቃል ብቻ ነው።

ኢትዮሳት የሚለው ስም አንድ የተሳሳተ ግምት አምጥቷል፤ እግረ መንገዴን ላርመው። ብዙ ሰው ኢትዮጵያ የራሷን የቴሌቪዥን ሳተላይት ያመጠቀች ይመስለዋል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው ኢቲአርኤስኤስ 1 የምድር ምልከታ ሳተላይት ነበረች፤ ክብደቷ 70 ኪሎ ግራም ግድም፣ ሥራዋ እርሻንና ደንን ፎቶ ማንሣት። ቴሌቪዥን አትሸከምም። ኢትዮሳት የተቀመጠው ኤንኤስኤስ 12 በተባለው የኤስኢኤስ ንብረት በሆነ፣ በ2002 ዓ.ም. በመጠቀ ሳተላይት ላይ ነው። ቤቱን ለቀን ወጣን እንጂ ከተከራይነት አልወጣንም፤ አከራዩ ተለወጠ። ከጎረቤት ጋር የሚጣላ አከራይ ባለመሆኑ እርግጥ ይሻላል። ግን ኪራዩ ዛሬም በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ምንዛሪው በወጣ ቁጥር የጣቢያዎቹ ጉሮሮ ይጠባል።

ተመልካቹ ግን ብልህ ነው። ከኢትዮሳት 4.5 ዲግሪ ብቻ ፈንጠር ብሎ፣ በምሥራቅ 52.5 ላይ ያህሳት አለ፤ እዚያ ላይ ቫርዚሽ የተባለው የታጂኪስታን የስፖርት ጣቢያ የእንግሊዝን ፕሪሚየር ሊግ በነፃ ያሳይ ነበር። የደብረ ታቦር ገጣሚ ለአንድ ሳሕን ሁለት ኤልኤንቢ (የሳሕኑ መቀበያ ዓይን) ጎን ለጎን አስሮ ሁለቱንም ያመጣል። ቋንቋውን ማንም አይሰማውም፤ አርሴናል ግን በታጂክኛም አርሴናል ነው። ይህን የመሰለ የአገር ውስጥ ምህንድስና በየትኛውም የሽግግር ሰነድ ውስጥ አልተጻፈም።

እንግዲህ ሽግግሩ ጣራ ላይ ካለቀ ማማው ምን ይሠራል? ብዙ ወዳጆቼ «ተዉት፤ ገንዘቡ ለውኃ ይሁን» ይላሉ። በዚህ አልስማማም፤ ምክንያቶቼም ከዚያው ከጉና ሥር የመጡ ናቸው።

የመጀመሪያው ዝናብ ነው። ኢትዮሳት የሚሠራበት ሞገድ በጣም አጭር በመሆኑ የዝናብ ጠብታ ይመጥጠዋል። በሐምሌና በነሐሴ ከሰዓት በኋላ ጉና ላይ ደመና ሲከመር የደብረ ታቦር ሰው ሰማይ አያይም፤ ቴሌቪዥኑን አይቶ ዝናብ መጣ ይላል። ምስሉ ይቆራረጣል፣ ይቆማል፣ ከዚያ ኖ ሲግናል። ጎርፍ የሚያስፈራው፣ መንገድ የሚቆረጠው፣ ሰው ወሬ የሚፈልገው ያን ሰዓት ነው። ከማማ የሚወጣው የቴሌቪዥን ሞገድ ዝናብ አይነካውም። የፎገራ ሜዳ ርብና ጉማራ ሲሞሉ ምን እንደሚሆን ለሚያውቅ ሰው ይህ የቴክኒክ ዝርዝር አይደለም።

ሁለተኛው የአካባቢ ድምፅ ነው። ነሐሴ 13 ቀን የቡሄ በዓል ከደብረ ታቦር ኢየሱስ ቅጥር በቀጥታ ቢተላለፍ፣ ምስሉ ከኮረብታው ተነሥቶ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ወጥቶ፣ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ወርዶ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ያለች አሮጊት ቤት ይገባል። ጅራፉን ከቴሌቪዥኑ ቀድማ በጆሮዋ ትሰማዋለች። በዓል ነውና ይሁን። ግን የእስቴ የጤፍ ዋጋ፣ የእብናት የክትባት ዘመቻ፣ የፋርታ የድንች ዘር ዕደላ ለዚህ ጉዞ አይበቁም። የሳተላይት ቦታ ኪራይ ውድ ስለሆነ፣ እዚያ ላይ የሚወጣ ጣቢያ ለአገር ሁሉ መናገር አለበት፤ ለአገር ሁሉ የሚናገር ደግሞ ስለ እብናት የሚናገረው ስትቃጠል ብቻ ነው። የዲጂታል ማማ ዋናው በረከት ይህን መስበሩ ነው። በአንድ መስመር ላይ ካሉት አሥርና አሥራ አምስት ቦታዎች አንዱ ለደቡብ ጎንደር ብቻ ቢሰጥ የሚጨምረው ወጪ ትንሽ ነው። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ሰው አይጠፋም።

ሦስተኛው ሳሕን የሌለው ሰው ነው። በሶላር አንዲት አምፖልና ትንሽ ቴሌቪዥን የሚያሠራ ቤት አለ። ሳሕን፣ ሪሲቨርና ገጣሚ ለእሱ ሦስት ወጪ ናቸው። ዛሬ ከሚሸጡት ፍላት ቴሌቪዥኖች ብዙዎቹ ዲቪቢ ቲ2 መቀበያ በውስጣቸው ይዘው ነው የሚመጡት፤ ማማው በአግባቡ ቢሠራ ክንድ የሚያህል አንቴና ብቻ ይበቃዋል። የባሕር ዛፉን ግንድ ማቀፍም አይጠበቅበትም።

አንድ ነገር ልጨምር። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር። «ቴሌቪዥን ሞቷል፣ ሁሉ ነገር ስልክ ላይ ነው» የሚለው የአዲስ አበባ አነጋገር ያን ጊዜ ጋይንት ላይ ትርጉም አልነበረውም። ዳታ የማይጠይቅ፣ ማን እንዳየው የማይመዘግብ፣ አንዴ ከተላከ ለሁሉም እኩል የሚደርስ ስርጭት አሮጌ ቢመስልም አሮጌ አይደለም። ሰላም በሌለበት ማማ መትከልም ማቆየትም ከባድ መሆኑን አልክድም። ናፍጣ፣ ጥበቃና መንገድ ይፈልጋል፤ ሳሕን ግን ማንም ሳይጠብቀው ጣራው ላይ ይቆማል። ይህ የሳሕኑ ትልቁ ብልጫ ነው፣ የእኔም ክርክር ደካማው ጎን።

የማማው ፍርሃት ሌላ ነው፦ ተመልሶ አንድ አፍ እንዳይሆን። በሳሕኑ ተመልካቹ መርጦ ያዞራል፤ በማማው ግን የመረጠለት አለ። አሥራ አምስቱን ቦታ ማን ያከፋፍላል? የብሮድካስት ፈቃድ የሚሰጠው በአዋጅ 1238/2013 የተቋቋመው የመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ነው፤ በአዋጅ 1148/2011 የቆመው የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ደግሞ የሬዲዮ ሞገድን ያስተዳድራል፤ ማማውን ይዞ የኖረው የመንግሥት ጣቢያው ራሱ ነው። ባለ ማማው ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ ከሆነ ዳኛውም ተጫዋቹም አንድ ሰው ነው። ኬንያ በዚህ ጉዳይ አንገቷ ድረስ ገብታለች። በየካቲት 2007 ዓ.ም. በስርጭት አከፋፋይነት ፈቃድ ላይ በተነሣው ጠብ ትልልቆቹ የግል ጣቢያዎች ለሦስት ሳምንት ግድም ከአየር ጠፍተው አገሩ ጨለማ ሆነ። ደቡብ አፍሪካ ቀነ ገደቡን ስታራዝም ኖራ፣ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ፍርድ ቤት ማጥፋቱን አገደው፤ ሣጥን ያላገኙ ድኾች ጉዳይ ስላልተቋጨ። ሁለቱም ትምህርት ነው፤ የመጀመሪያው ስለ ባለ ጣቢያው፣ ሁለተኛው ስለ ተመልካቹ።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ማማውን የሚያስተዳድር፣ የራሱ ፕሮግራም የሌለው፣ ለሁሉም በእኩል ታሪፍ የሚሸከም የተለየ ድርጅት ይቁም። ከቦታዎቹም ጥቂቱ ለዞንና ለማኅበረሰብ ጣቢያዎች በሕግ ይታጠር። የሚለቀቀው ሞገድ፣ ማለትም 700ና 800 ሜጋኸርትዝ የሚባለው፣ ከአንድ ማማ ሩቅ የሚደርስ በመሆኑ ለገጠር ስልክ ወርቅ ነው፤ ለስልክ ኩባንያ ሲሰጥ ስማዳንና እብናትን መሸፈን በውሉ ውስጥ ግዴታ ሆኖ ይጻፍ። አለበለዚያ ሞገዱ ቦሌ ላይ ይበላል።

ለእናንተም፣ ማሰራጫ ለምታጠፉና ሳተላይት ለምታዛውሩ፣ አንድ ልመና አለኝ። ሽፋኑን በካርታ ላይ ቀለም ቀብታችሁ አትመኑት። አንድ ሰው ትንሽ ቴሌቪዥንና አንቴና ይዞ ከጣራ ገዳም ሥር ይነሣ፤ እብናት ይውረድ፣ ጉናን ዞሮ ጋይንት ይግባ፣ እስቴ ይመለስ፤ የጠፋበትን መንደር ሁሉ ስሙን ይጻፍ። የምትቀይሩበት ቀን ክረምት ላይ አይሁን። ቀኑንም ቢያንስ ከስድስት ወር በፊት በሬዲዮ ንገሩን። የዓለም በሯ ሴትዮ ሁለት ጊዜ ከፍለዋል፤ ሦስተኛውን እናንተ ክፈሉ።